ከኮሊን ወንበር አጠገብ

ኢንቨርካርጊል፣ ኒውዚላንድ
ሐምሌ 11 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.

ለተወደድህ ልጃችን ለሮይስ፣

ሰላምና ጤና ካንተ ጋር ይሁን። የመሸለቻ ምላጭህ አይዶልዱም፣ ወገብህም አይያዝ። እኛ ደህና ነን። እኛ ስል እኔ ማለቴ ነው፤ ባሌ ከሞተ አራተኛ ወሩ ቢሆንም አፌ ገና አልለመደውም። ከደቡብ የሚመጣው ንፋስ የዶሮ ቤቱን ክዳን ገንጥሎ ከጎረቤት አጥር ላይ ሰቅሎታል። ወንድሜ ኪት አወርድልሻለሁ ካለ ሰነበተ፤ ኪትን መቼም ታውቀዋለህ።

አውስትራሊያ ተሻግረህ ባተርስት አካባቢ በግ ልትሸልት መሆንህን እናትህ ስትነግረኝ ያንን የሻይ ቆርቆሮ ያስያዝኩህ ያለ ነገር አይደለም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሰው ስለነበረ በቅጡ አልነገርኩህም። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው የአጎትህ የኮሊን አስከሬን አመድ እኩሌታ ነው። ሌላው እኩሌታ እዚህ ቁም ሣጥኔ ላይ አለ፤ መቃብራችን ሲዘጋጅ ይገባል። ኮሊን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ «ግማሼን በውድድሩ ቀን ተራራው ላይ በትኑልኝ» አለኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ባሕር ተሻግሮ፣ መኪኖቹ ሲሽቀዳደሙ ሊያይ የሚወጣበትን ተራራ ማለቱ ነው። እናትህ የአጎቱ ልጅ ናት፤ ከሱ ወገን በዚያ በኩል ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።

አደራህን ከእኛዎቹ ዘንድ ይሁን። ተራራው ላይ የሆልደን መኪና ደጋፊዎች ቀይ ለብሰው በአንድ ወገን፣ የፎርዶቹ ደግሞ ሰማያዊ ለብሰው በሌላ ወገን ይሰፍራሉ ሲል ሰምቼዋለሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሆልደን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ በጋራዡ በር ፎርድ ገብቶ አያውቅም። ቄሳችን ፎርድ የገዙ ጊዜ አባቴ ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልሳመም። ኮሊን እኔን ሊጠይቅ የመጣ ቀንም ገና ሳይቀመጥ፣ «ምን ትነዳለህ?» ነበር ያለው። ኮሊን «ሆልደን» አለ፤ አባቴም ወንበር ሳበለት። እንግዲህ ከቀዮቹ ጋር አድርገው።

ሌላ አንድ ነገር። ከባተርስት የሐዘን ካርድ መጥቶልኛል። «ጥቅምት ሲመጣ የኮሊን ወንበር እንደተዘረጋ ይውላል፤ ማንም አይቀመጥበትም» ይላል። ፊርማው ኖሊን ነው። ኮሊን ስለ ተራራው ሲያወራኝ ሰዎቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ኖሊን የሚባል ወንድ እኔ አላውቅም።

እግረ መንገድህን ማን እንደሆነች ጠይቅልኝ። ምንም አስቤ አይደለም፣ እንዲያው ነው።

አምላክ ከምላጭ ስለትና ከመጥፎ ምግብ ይጠብቅህ።
አክስትህ ሜርል


ኦበሮን አጠገብ፣ አውስትራሊያ
ነሐሴ 2

ለተከበሩ አክስቴ ለሜርል፣

እንደምን ሰነበቱ? ንፋሱ ጣሪያዎን ይተውልዎ፣ ዶሮዎችዎም ክዳናቸው ይመለስላቸው። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። እዚህ ያሉት በጎች ከእኛዎቹ ይከብዳሉ፤ አለቃው ደግሞ ከበጎቹ ይብሳል።

ቆርቆሮው ደህና ነው። እንዳይቆጡ እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎ። መጀመሪያ ቀን ከአልጋዬ በላይ ካለው መደርደሪያ አስቀምጬው ወደ ሥራ ሄድኩ። ለሻይ ዕረፍት ስንመለስ የካምፑ ወጥ ቤት ቆርቆሮውን በአንድ እጁ፣ ማንኪያ በሌላው ይዞ ውሃው እስኪፈላ ይጠብቃል።

«አስቀምጠው» አልኩት።

«ሻይ አልቆብኛል፣ ነገ እተካልሃለሁ።»

«አይተካም። አጎቴ ነው።»

ሰውየው ቆርቆሮውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ወዲህ ሸላቾቹ ወደ ሥራ ሲወጡ «ደህና ይዋሉ አጎቴ» እያሉ ነው የሚያልፉት። እኔም በገመድ አስሬ ከልብሴ ሥር አኑሬዋለሁ።

ኖሊን የሚባል ስም አጎቴ ኮሊን ሲጠራ እኔም አልሰማሁም። የአንዱ ጓደኛው ሚስት ትሆናለች። ወደ ከተማ የምንወርደው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ስወርድ አጠያይቃለሁ። ለውድድሩ አለቃው ፈቃድ ሰጥቶናል። ኪት የሰጠኝን ቀይ ቆብ ይዣለሁ። ውድድሩን እስከ ዛሬ ያየሁት እርስዎ ሳሎን በቴሌቪዥን፣ የኪት ጩኸት እየከለለኝ ስለሆነ አሁን ጓጉቻለሁ።

ጤና ይስጥልኝ።
ሮይስ


ኢንቨርካርጊል
ነሐሴ 20

ለልጄ ለሮይስ፣

እጅህን አይመምህ፣ እንቅልፍህም ሰላም ይሁን። የኔው ጠፍቷል። የወጥ ቤቱን ነገር ሳነብ ሳቅሁም ተናደድኩም። ኮሊን ቢሆን ኖሮ ይስቅ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለኪት እንዳትጽፍ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሰላሳ ዓመት ሳልጠረጥር ኖሬ፣ ባሌ አመድ ከሆነ በኋላ ጀመርኩ። ውድድሩ እሑድ አንድ ቀን ነው። ታዲያ ኮሊን ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚሄደው ለምን ነበር? «ቦታ ለመያዝ» ይለኛል። ቦታ የሚያዘው ድንኳን ተክሎ ነው ወይስ ቤት ሠርቶ? ሲመለስ ደግሞ ጥፍሮቹ ሥር ቀይ አፈር ይኖራል። መኪና ሊያይ የሄደ ሰው ከአፈር ጋር ምን አገናኘው? ሳሙና አላስለቅቅ እያለኝ በብሩሽ ፈትጌ ነው የማጸዳለት። እሱ እጁን ይዘረጋልኝና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እኔም ልምጣ» ስለው መልሱ «የሚመጣው ዓመት» ነው። ዘንድሮ ዝናብ ነው ይላል፣ ዘንድሮ ሽንት ቤቱ አይረባም ይላል፣ ዘንድሮ ሰካራም በዝቷል ይላል። ፎቶ ያመጣል፤ በፎቶው ሁሉ መኪና አለ፣ ሰው የለም። ያኔ ይህ ሁሉ ምንም አልመሰለኝም ነበር። አሁን ማታ ማታ አንድ በአንድ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል።

የመቃብር ድንጋይ ጠራቢው የኮሊንን ስም እንዲቀርጽ፣ ከሥሩም ለኔ ቦታ እንዲተው አዝዤው ነበር። ትላንት ሄጄ አቁም አልኩት። ከማን ጎን እንደምተኛ ሳላውቅ ስሜ ከድንጋይ ላይ አይወጣም። «ስህተት አለበት እንዴ?» አለኝ። «ገና እያጣራሁ ነው» አልኩት።

ስለዚህ እኔ በቃ እስክልህ ቆርቆሮውን እንዳትከፍት። እዚያ ተራራ ላይ ማን እንደሚጠብቀው ሳላውቅ ባሌን አልበትንም። ሴትዮዋን ፈልጋት። ዕድሜዋን፣ መልኳን፣ የቤቷን ነገር ጻፍልኝ። የምታውቀውን ሁሉ እንጂ የሚያጽናናኝን አይደለም።

አምላክ አፍህን ለእውነት ይክፈተው።
አክስትህ ሜርል


ኦበሮን አጠገብ
መስከረም 14

ለተከበሩ አክስቴ ለሜርል፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ቤትዎ ሙቀት፣ ሌሊትዎም ዕረፍት አይጣ። በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ፤ እጄ በሥራ ደክሞ ጽሕፈቴ አላምር ብሎኝ ነው።

ኖሊንን አገኘኋት። ስድሳ ያለፋት ሴትዮ ናት፣ አንዱ ጉልበቷ አይታጠፍም። ዳቦ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥታለች። በሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓይ አበላችኝ፤ እንደ እርስዎ ባይሆንም ጥሩ ነው። ስለ ጉልበቷ አወራን፣ ስለ ድርቁ አወራን። እርስዎንም ደህና ናት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ነገር የለም አክስቴ። ልብዎን ያሳርፉት።

ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚሄደውን ግን ደርሼበታለሁ፤ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። በውድድሩ ሰሞን ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ከተፈቀደው በላይ ቢራ አያሳልፍም። ስለዚህ እዚህ ያሉ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው ወደ ተራራው ይወጡና ቢራቸውን በፕላስቲክ በርሜል አድርገው ይቀብሩታል። ሐሙስ ባዶ እጃቸውን እንደ ቅዱሳን በበሩ ገብተው ማታ ይቆፍራሉ። አጎቴም ከነሱ አንዱ ነበር። አፈሩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አመዱ የግድ ከቀዮቹ ሰፈር መሆን አለበት? ተራራው ሰፊ ነው፤ ንፋሱም እንደሆነ ቀለም አይለይም። አጎቴ ያለው «ተራራው ላይ» ብቻ ከሆነ፣ እኔ ጥሩ መስሎ የታየኝ ቦታ ላይ አድርጌ ነገሩን ብንጨርሰው ምን ይመስልዎታል?

ለኪት ሰላምታ።
ሮይስ


ኢንቨርካርጊል
መስከረም 23

ሮይስ፣

ሰላምታዬ አጭር ስለሆነ አትቀየመኝ። የረዘመው ያንተ ነው።

አንድ ገጽ ሙሉ ስለ አንዲት ሴት ጉልበት ጻፍክልኝ። የጠየቅሁህ ስለ ባሌ ነበር። ባል አላት ወይስ የላትም? ኮሊንን እንዴት አወቀችው? ምን ብላ ነው የምትጠራው? የቢራውን ነገር አምኜሃለሁ፤ ይህ የኮሊን ሥራ ነው። ግን ቢራ የሚቀብር ሰው ሌላም ነገር ይቀብራል። ሁለት ደብዳቤ ቀደድኩ ትለኛለህ። ምን ተጽፎባቸው ነበር? በግ የሸለተ እጅ ጽሕፈቱ መቼ አምሮ ያውቃልና ነው ዛሬ ያሳሰበህ?

«ንፋስ ቀለም አይለይም» ያልከውን ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት። ከቀዮቹ ዘንድ አድርግ ያልኩህን ቦታ ለማስቀየር የምትለማመጠኝ ለምንድን ነው? አመዱን እሷ በፈለገችው ቦታ ልታደርግላት ነው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ፓይ በልተህ ነው የተደለልከው።

እኔም ያገኘሁትን ልንገርህ። የኮሊንን መላጫ ቦርሳ ስፈታ ከታች አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ወደቀች። ሰማያዊ ናት። በዚህ ቤት ከሰማዩ በቀር ሰማያዊ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ አባቴ ሰማያዊ ጥለት ያላቸውን የሠርጌን ሳህኖች እንኳ ለኪት ሚስት አሸክሟቸው ነበር። የኮሊንን ሸሚዞች ሁሉ የገዛሁት እኔ፣ የተኮስኩትም እኔ ነኝ። ይህች የሴት ልብስ ቁልፍ ናት።

ቆርቆሮውን ሳትከፍት ይዘህልኝ ና። ከእናትህ ጋር እንዳንቀያየም።

ሜርል


ባተርስት
ጥቅምት 3

ለተከበሩ አክስቴ ለሜርል፣

ጤናዎን ይስጥዎ፣ ትዕግሥትም ይጨምርልዎ፤ ይህን ደብዳቤ ለማንበብ ያስፈልግዎታል። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት። ኪት ካለ ይሂድ።

ቆርቆሮው አልተከፈተም። ውድድሩ ትላንት አለፈ፤ አጎቴ አሁንም በሻይ ቆርቆሮው ውስጥ አጠገቤ ነው። እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። አሁን ግን ዝም አይነቅዝም ብዬ የያዝኩትን እነግርዎታለሁ። ኖሊን ባል አላት። ቴድ ይባላል፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ሁለቱም ከአጎቴ ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ፎቶ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው ደብዳቤዎቼን የቀደድኳቸው። የሆነውን ግን በደንብ ያወቅሁት ተራራው ላይ ነው፤ እንደሆነው ልጻፍልዎት።

ሐሙስ ቀይ ቆቤን አድርጌ ወጣሁ። ቴድ ከሩቅ አይቶኝ ቢራውን አስቀመጠ።

«የኒውዚላንዱ፣ ያን ነገር ከራስህ ላይ አውርድ። እዚህ ሰፈር ቀይ አድርጎ የመጣው ሰውዬ እስካሁን እየሮጠ ነው።»

«ስጦታ ነው። ኪት ነው የሰጠኝ።»

«ኪት ደግሞ ማነው?»

«የአክስቴ የሜርል ወንድም።»

ኖሊን ትኩር ብላ አየችኝ። «የኮሊን የሜርል ወንድም?» አለች። «በሉ ቆቡን ተዉለት፤ ይልበስ።»

ዙሪያዬን ሳይ ድንኳኑ ሰማያዊ፣ ባንዲራው ሰማያዊ፣ የልጆቹ ፊት ሳይቀር ሰማያዊ ተቀብቷል። ቀዮቹ ከመንገዱ ማዶ ናቸው። ቴድ አካፋ ይዞ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ወሰደኝና «የአጎትህ ነው፣ አንተ ቆፍር» አለኝ። ቆፈርኩ። በርሜሉ ውስጥ ከዓምና የተረፈ አንድ ጠርሙስ ቢራ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ለሚመጣው ዓመት ይተው ነበር አሉ። ከጠርሙሱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ሸሚዝ ነበር። ሰማያዊ ነው። ደረቱ ላይ የፎርድ ምልክት አለው፤ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ትከሻው ተቀድዶ ነበር፣ በጥሩ እጅ ተሰፍቷል። ያኔ ግድግዳቸው ላይ ያየሁት ፎቶም አጎቴ ይህንኑ ሸሚዝ ለብሶ የተነሣው ነው።

አክስቴ፣ አጎቴ ኮሊን የፎርድ ሰው ነበር።

«ቤቱ ይዞት አይገባ ነገር» አለች ኖሊን። «እኛ ዘንድ ተወው፣ አጥቤ አቆይልሃለሁ ብለው እንቢ አለኝ። ሸሚዜን የሌላ ሴት ቤት ትቼ ሜርል ፊት መቆም አልችልም አለኝ። በየዓመቱ ከቢራው ጋር ይቀብረዋል፣ በየዓመቱ ሻጋታውን አራግፎ ይለብሰዋል።»

«ለምን አልነገራትም?» አልኩ።

«ሊነግራት ነበር» አለ ቴድ፣ በዚያ ጮክ ባለ ድምፁ። «የሚመጣው ዓመት። ዘወትር የሚመጣው ዓመት። የሚነዳትን ሰማያዊ ፎርድ የሸጣት እኮ የሜርልን አባት ሊያነጋግር የሄደ ሳምንት ነው። አንዴ ሆልደን ብሎ ጀመረ፣ ከዚያ ወዲያ ከየት ይመለስ?»

ሌላ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ከመጻፌ በፊት ብዙ አስቤበታለሁ። እሑድ ጠዋት ኖሊን የአጎቴን ወንበር አጥሩ ጥግ ዘረጋች። ቀጥላ ከጎኑ ሌላ ዘረጋች። የኔ መስሎኝ ልቀመጥ ስል ቴድ ክንዴን ያዘኝ። «እሱ የሜርል ነው» አለኝ። አጎቴ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሁለት ነበር የሚዘረጋው አሉኝ። ሰው ሊቀመጥበት ሲመጣ «ተይዟል፣ ባለቤቴ ትመጣለች» ይል ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ የበረዶ ሣጥን ላይ ተቀምጬ አየሁ።

ውድድሩን ልንገርዎ፤ አጎቴ ቢሆን ይነግርዎ ነበር። በቴሌቪዥን እንደምናየው አይደለም። መጀመሪያ መሬቱ ከእግርዎ ሥር ይነዝራል፣ ቀጥሎ ድምፁ ከታች እየወጣ ይመጣል። መኪኖቹ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይሉና ሳይጠግቧቸው ቁልቁል ይወርዳሉ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ብቻ ይቀራል፤ ሰውም ወደ ወሬው ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ሰዉ የሚሄደው መኪና ለማየት ከሆነ ብዙ አያይም። በየመሐሉ ባለው ጊዜ ነው አብሮ የሚኖረው። ከሰማያዊዎቹ መኪኖች አንዱ ወደ መጨረሻው ሲበላሽ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ቀዮች ዘፈኑብን፤ ቴድም የማይሰማውን ጆሮውን አዙሮላቸው ተቀመጠ። እኔም በቀይ ቆቤ አብሬ አዘንኩ። ይህን ለኪት እንዳይነግሩብኝ።

አሁን እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ። ይዘህ ና ካሉኝ ይዤው እመጣለሁ። እዚያው ካሉኝ እዚያው። ሸሚዙም እኔ ዘንድ ነው።

ይቅር ይበሉኝ። ከሌላ ሴት ይልቅ ይህ ይብስብዎታል ብዬ ነው የደበቅሁት።

ሮይስ


ኦበሮን አጠገብ
ጥቅምት 29

ለተከበሩ አክስቴ ለሜርል፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጻፍኩት ደርሶዎት እንደሆነ አላወቅሁም። እናቴ ስልክ ደውላ ቤትዎ መብራት እንደሚበራ፣ በሩን ግን እንደማይከፍቱ ነገረችኝ። ኪት ምን ብለህ ጽፈህ ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ምንም አላልኩትም። ሸለታው በሚመጣው ወር ያልቃል። ቆርቆሮው ታስሮ እንደተቀመጠ ነው።

አንድ ቃል እንኳ ይበሉኝ።
ሮይስ


ኢንቨርካርጊል
ኅዳር 9

ለልጄ ለሮይስ፣

እጅህን፣ ወገብህን፣ እውነት የጻፍክበትንም ብዕር አምላክ ይጠብቅልህ። በመዘግየቴ አትዘንብኝ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሰው ማናገር አስጠላኝ። ኪት በመስኮት እያየ ዶሮዎቹን ያበላልኝ ነበር። የዶሮ ቤቱን ክዳንም መልሶታል። በሬን ስዘጋበት ነው ሥራው የሚታየው።

ሌላ ሴት ብትሆን ኖሮ እንዴት እንደምናደድ አውቅ ነበር። አዘጋጅቼው ነበር፤ የምላትን ሁሉ ሳህን ሳጥብ እየተለማመድኩት ነበር። አሁን ማንን ልቆጣ? ባሌ ሰላሳ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ እኔን ፈርቶ ኖረ፤ ለመኪና ቀለም ብሎ። ይህ ያመኛል ሮይስ፣ በጣም ያመኛል።

ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን ልንገርህ። እኔ ለሆልደን ግድ የለኝም፣ ኖሮኝም አያውቅም። ለኔ መኪና ከዝናብ የሚያስጠልል ጣሪያ ነው። ልጅ ሳለሁ ለአባቴ ብዬ፣ ኋላ ደግሞ ለኮሊን ብዬ ነው፤ እሱ እንዲህ የሚወደውን እኔ እንዴት እጠላለሁ ብዬ። በየጥቅምቱ ያንን ቀይ ሸሚዝ ተኩሼ ሻንጣው ውስጥ ስከትለት ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ሲመለስ ሸሚዙ እንደታጠፈ ይመጣ ነበር። ንጹሕ ሰው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሁለታችንም አንዳችን ለአንዳችን ስንል ቀይ ለብሰን ኖርን።

ለድንጋይ ጠራቢው ሥራህን ቀጥል ብዬዋለሁ። ስሙን ይቅረጽ፣ ከሥሩም ለኔ ቦታ ይተው። «አጣሩ?» አለኝ። «አጣራሁ» አልኩት። አባቴ ከዚያው ረድፍ ሦስት መቃብር አልፎ ነው የተኛው፤ እንደፈለገ ይገላበጥ።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ አንብብ። ሸሚዙን እንዳታጥበው፣ በፖስታም እንዳትልክልኝ። እንደነበረ ጠቅልለህ ወደ በርሜሉ መልሰው። ቆርቆሮውን ሳትከፍት ከጎኑ አድርግ፣ ጠርሙሱንም ተዉለት፤ ቴድ እንዳይጠጣው። ከዚያ እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ቅበረው። የሚመጣው ዓመት ብሎኛልና የሚመጣው ዓመት እመጣለሁ፤ እኔው በእጄ ቆፍሬ አወጣዋለሁ። ያችን ሰማያዊ ቁልፍና መርፌዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ቁልፉን ተክዬለት ነው የምበትነው። ከሰማያዊዎቹ ዘንድ ይሁን።

ለኖሊን ንገራት፤ ሁለቱንም ወንበር ትዘርጋ። ቀይም ሰማያዊም አልለብስም። አረንጓዴ ካፖርቴን ለብሼ ነው የምመጣው፤ ደስ ያላላቸው ፊታቸውን ወደ መኪኖቹ ያዙሩ።

የሸሚዙን ትከሻ ማን እንደሰፋው ግን አልጻፍክልኝም። ኮሊን መርፌ መያዝ አይችልም ነበር። እሱን መጥቼ አያለሁ።

አክስትህ ሜርል